ከጠላቅ በኋላ መመለስ፦ በዒዳ ውስጥ ረጅዓ ይሻላል ወይስ አዲስ ኒካሕ?

ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላ ልባቸው ሲመለስ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ የሚነሣው ጥፋት ነው። እሱ የእሷን ይዘረዝራል፣ እሷ የእሱን ትዘረዝራለች። ለእርቅ በተቀመጥኩባቸው ቤቶች የተማርኩት ግን ከጥፋቱ በፊት ቀን መቆጠር እንዳለበት ነው። ጠላቁ፣ ማለትም ባል የሚሰጠው ፍች፣ መቼ ተሰጠ? ከዚያ ወዲህ የወር አበባዋ ስንት ጊዜ መጣ? ይህስ ስንተኛው ጠላቅ ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የተደረገ እርቅ፣ ተላቅሶና ተቃቅፎ የተለያየውን ቤተሰብ ሳያውቀው ሐራም ውስጥ ሊከተው ይችላል።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ባልየው ሚስቱን ፈትቶ እሷ ወላጆቿ ቤት ከገባች አራት ወር አልፏል። «እኔ እኮ ገና በሳምንቱ በልቤ መልሻታለሁ፤ ዝም ያልኩት ስላኮረፍኩ ነው» አለ። እሷ በበኩሏ ሦስተኛውን የወር አበባ ጨርሳ ታጥባለች። ሁለቱም መመለስ ይፈልጋሉ። ቡናው ተፈልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል። ሻንጣዋን አንሥታ ልትሄድ ስትል ከጥግ የተቀመጡ አረጋዊ ሸኽ «በየትኛው ኒካሕ (የጋብቻ ውል) ነው የምትገባው?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ጠፋ። በልብ ብቻ የታሰበ መመለስ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ረጅዓ (በዒዳ ውስጥ ያለ አዲስ ኒካሕ መመለስ) አይባልም። ዒዳው፣ ማለትም ሴት ከፍች በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ፣ አልቋል። ስለዚህ ያቺ ሴት ለዚያ ሰው ባዕድ ነበረች። ኒካሑ በኋላ እንዴት እንደታሰረ እመለስበታለሁ።

መመለሻው አንድ መንገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መመሪያ ባላስፈለገ ነበር። በዒዳ ውስጥ ያለ ረጅዓ አለ፣ ከዒዳ በኋላ የሚታሰር አዲስ ኒካሕ አለ፣ ከኹልዕ (ሚስት ካሣ ከፍላ ከምታገኘው ፍች) በኋላ የሚደረግ ስምምነት አለ፣ ከሦስተኛ ጠላቅ በኋላ ደግሞ በፈለጉት ጊዜ የማይከፈት በር አለ። ሰው መንገዶቹን ሲያምታታ በአብዛኛው የሚጎዳው የሴቷ ወገን ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ማወቅ

መጀመሪያ የጠላቁ ቁጥር ነው። አል-በቀራ ምዕራፍ 229ኛው አንቀጽ መመለስ የሚቻልበትን ጠላቅ በሁለት ይወስነዋል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ያለው ምርጫ በመልካም መያዝ ወይም በበጎ ማሰናበት ነው። 230ኛው አንቀጽ ስለ ሦስተኛው ይናገራል። እዚህ ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት አለ። ከስምንት ዓመት በፊት ጠላቅ ሰጥቶ በማግሥቱ የመለሰ ሰው ያኛው ጠላቅ «ተሰርዟል» ብሎ ያስባል። አልተሰረዘም። መመለሱ ትዳሩን ያድሳል እንጂ ቁጥሩን አያጠፋም። ባልና ሚስት ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን ቁጥር ግን መርሳት የለባቸውም።

ሁለተኛው የጠላቁ ዓይነት ነው። ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ በኋላ ባል ያለ ምንም ካሣ የሰጠው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ጠላቅ ረጅዒ ይባላል፤ መመለስ የሚቻልበት ማለት ነው። ኒካሕ ታስሮ ገና በአልጋ ሳይገናኙ የተፋቱ ግን ዒዳ የላቸውም፤ አል-አሕዛብ 49ኛው አንቀጽ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ዒዳ ከሌለ ረጅዓ የለም፤ ከፈለጉ አዲስ ኒካሕ ያስራሉ። ኹልዕና በቃዲ (በሸሪዓ ዳኛ) የተፈረደ ፍች የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ወደ ታች እናያቸዋለን።

ሦስተኛው ዒዳው ነው። ጭቅጭቅ የሚበዛውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ዒዳ ለሁሉም ሦስት ወር አይደለም

ብዙ ሰው ዒዳን በቀን መቁጠሪያ ሦስት ወር አድርጎ ይይዘዋል። ሦስት ወር የሚቆጠረው የወር አበባ ላቋረጣትና ገና ላላየች ነው፤ እሱም በጨረቃ ወር ነው። እርጉዝ ሴት ዒዳዋ እስክትወልድ ነው፤ ጠላቁ በወለደችበት ሳምንት ዋዜማ ቢሰጥ እንኳ በመውለዷ ያልቃል። የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ ሦስት «ቁሩእ» ትጠብቃለች፤ ሊቃውንቱ የሚለያዩት ይህች ቃል ምን ማለት ናት በሚለው ላይ ነው። ከአራቱ መዝሀቦች (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት መንገዶች) ሻፊዒና ማሊኪ በሁለት የወር አበባ መካከል ያለውን ንጽሕና ይቆጥራሉ። ሐነፊና ሐንበሊ የወር አበባውን ራሱን ይቆጥራሉ።

ልዩነቱ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጠላቁ በንጽሕናዋ ጊዜ ከተሰጠ፣ በሻፊዒ አቆጣጠር ያ ንጽሕና አንድ ሆኖ ይያዝና ሦስተኛው የወር አበባ እንደጀመረ ዒዳው ያበቃል። በሐነፊ አቆጣጠር ግን ያ ሦስተኛው የወር አበባ እስኪያልቅ ባል ገና መመለስ ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው የወር አበባ በሁለተኛው ቀን «መልሻታለሁ» ያለ ባል በአንዱ መዝሀብ ሚስቱን መልሷል፣ በሌላው ዘግይቷል። በአገራችን የሻፊዒም የሐነፊም ተከታዮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በምዕራቡ ክፍል የማሊኪ ተከታዮችም አሉ። ባልና ሚስት ከሁለት አካባቢ የመጡ ሲሆኑ ይህ ጉዳይ በውነት ይደርሳል። መፍትሔው ወደ መጨረሻው ቀን ሳያስጠጉ መወሰን ነው፤ ካስጠጉ ደግሞ ወደ አንድ ቃዲ ቀርቦ በእሱ ውሳኔ መጽናት ነው።

አጥቢ እናት የወር አበባዋ ካልተመለሰ ዒዳዋ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። የሦስት ወር መርፌ እየተወጋች የወር አበባ የቆመባት ሴትም «ሦስት ወር ሞላኝ» ብላ ራሷን ነጻ አድርጋ ከመቁጠሯ በፊት መጠየቅ አለባት፤ የቆመበት ምክንያት ሲታወቅ ብዙ ሊቃውንት እስኪመለስ ትጠብቅ ይላሉና። ዒዳው አለቀ አላለቀ በሚለው፣ ጊዜው የሚቻል እስከሆነ ድረስ፣ ቃሉ የሴቲቱ ነው። ስለዚህም ነው አል-በቀራ 228 ሴቶች በማሕፀናቸው ያለውን እንዳይደብቁ በአላህና በመጨረሻው ቀን እምነታቸው የሚያሳስባቸው።

ረጅዓ፦ ቀላሉ መንገድና ክብደቱ

በረጅዒ ዒዳ ውስጥ ያለች ሴት በብዙ ነገር ሚስት ናት። ቀለቧና መጠለያዋ በባሏ ላይ ነው። ከሁለት አንዳቸው ቢሞቱ ይወራረሳሉ። አጥ-ጦላቅ ምዕራፍ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ከቤታቸው አታስወጧቸው፣ እነሱም አይውጡ ይላል፤ ምክንያቱንም አላህ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል ጠቁሞ ያሳያል። እኛ ዘንድ ግን ጠላቅ በወጣ በሰዓቱ ልብሷ ተሰብስቦ ወደ ወላጆቿ ትሸኛለች። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል። አንድ ጣራ ሥር ሆነው ቁጣው ሊበርድ የሚችልበትን ጊዜ፣ ወንድሞችና አክስቶች ወሬ የሚያመላልሱበት ጊዜ ያደርገዋል። ለመታረቅ የምታስቡ ከሆነ፣ ድብደባ ወይም የሕይወት ስጋት እስከሌለ ድረስ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ስሕተት አትሥሩ።

ረጅዓው ራሱ አጭር ነው። ባል «ሚስቴን ወደ ኒካሔ መልሻለሁ» ይላል፤ አለቀ። አዲስ መህር (ባል ለሚስት የሚሰጠው ጥሎሽ) የለበትም፣ ወሊይ (ሴቲቱን የሚድራት ዘመድ) አይጠየቅም፣ የሚስቲቱ ፈቃድም በሕጉ ሚዛን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሕይወት የምናውቀውም ይህንኑ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐፍሷን (ረ.ዐ) ፈትተው እንደመለሷት ተዘግቧል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ሚስቱን በወር አበባዋ ጊዜ ፈትቶ በነበረበት ጊዜም እንዲመልሳት አዘዙት። በወር አበባ ላይ ጠላቅ የሰጠ ሰው እንግዲህ ምርጫው ቀድሞ ተነግሮታል፤ መመለሱ በሻፊዒ ዘንድ የተወደደ ነው፣ በማሊኪ ዘንድ ግን ግዴታ ነው።

በቃል ወይስ በተግባር? ሻፊዒ ቃል ያስፈልጋል ይላል፤ ሳይናገር የቀረባት ባል ኃጢአት ሠርቷል፣ አልመለሳትምም። ሐነፊ መገናኘትም ሆነ በስሜት መንካት ረጅዓ ይሆናል ይላል፤ ያለ ቃል መሆኑን ግን ይጠላዋል። ማሊኪ ድርጊቱ የመመለስ ሐሳብ እንዲኖረው ይፈልጋል። ሐንበሊ በመገናኘት መመለስን ይቀበላል። እኔ ለማንኛውም ባል የምለው አንድ ነው፦ ተናገር። በሁሉም መዝሀብ የሚጸናው እሱ ስለሆነ፣ በኋላ ማንም ሊያናውጠው አይችልም።

ምስክርስ? አጥ-ጦላቅ 2ኛው አንቀጽ ሁለት ፍትሐዊ ሰዎችን አስመስክሩ ይላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ትእዛዙን የተወደደ እንጂ ግዴታ አያደርጉትም፤ ግዴታ ነው ያሉም አሉ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ያለ ምስክር ስለ ፈታና ያለ ምስክር ስለ መለሰ ሰው ሲጠየቁ፣ ፍችውም መመለሱም ከሱና ውጭ እንደሆነ ነግረው በሁለቱም እንዲያስመሰክር አዘዙ። ምስክር ማጣት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባል በዒዳዋ ውስጥ መለሳት፣ ለማንም አልተናገረም፣ ለእሷም አልነገራትም። እሷ ዒዳዬ አለቀ ብላ ሌላ አገባች። አሁን ማን ነው ባሏ? አብዛኞቹ ሊቃውንት የመጀመሪያው ማስረጃ ካቀረበ ሚስትነቷ ለእሱ ነው ይላሉ፤ ማሊኪዎች ሁለተኛው ከተገናኛት የመጀመሪያው መብቱን ያጣል ይላሉ። በየትኛውም ቢፈረድ አንድ ቤት ይፈርሳል። ሁለት ምስክርና አንድ የስልክ ጥሪ ይህን ሁሉ ያስቀራሉ።

ከዒዳ በኋላ አዲስ ኒካሕ

ዒዳው ካለቀ ባልየው እንደ ማንኛውም ጠያቂ ይሆናል። ጥያቄ ይልካል፣ ሴቲቱ ትስማማለች ወይም አትስማማም፣ ወሊይዋ ይገኛል፣ መህር ይቆረጣል፣ ምስክር ይቀመጣል። ቀድሞ ያገባች ሴት ስለሆነች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ አይያዝም፤ በአንደበቷ መናገር አለባት። የመጀመሪያው ኒካሕ መህር ያልተከፈለ ቀሪ ካለው ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል እንጂ በአዲሱ መህር አይተካም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቤተሰቧ እምቢ ካለስ? የዚህ መልስ በቁርኣን የወረደ ታሪክ አለው። መዕቂል ኢብን የሳር (ረ.ዐ) እኅቱን ለአንድ ሰው ድሮ ነበር፤ ሰውየው ፈታት፣ ዒዳዋም አለቀ፣ ከዚያ ተመልሶ ሊያገባት ጠየቀ። መዕቂል ተቆጣ፤ አክብሬ ሰጠሁህ፣ ፈታሃት፣ አሁን ትጠይቃለህ፣ ከእንግዲህ ወደ አንተ አትመለስም ብሎ ማለ። ሰውየው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እሷም ልትመለስለት ትፈልግ ነበር። ያኔ አል-በቀራ 232 ወረደ፦ በመካከላቸው በመልካም ከተስማሙ ባሎቻቸውን እንዳያገቡ አትከልክሏቸው። መዕቂልም ታዘዘና ዳራት። ቁጣው የእኛ ወንድሞችና አባቶች ቁጣ ነው። እኔ ይህ ታሪክ በሽማግሌ ጉባኤ ላይ ሲነገር የተንቀጠቀጠ አባት አይቻለሁ።

የትኛውን ልምረጥ?

ዒዳው ገና ሳያልቅ ለመመለስ ያሰቡ ሰዎች በውነት ሁለት ምርጫ አላቸው፤ ዛሬ ረጅዓ ማድረግ፣ ወይም ዒዳው እስኪያልቅ ጠብቆ አዲስ ኒካሕ ማሰር። የጠላቁ ቁጥር በሁለቱም አንድ ነው፤ አንድ ጠላቅ የሰጠ ሰው በሁለቱም መንገድ ሁለት ይቀሩታል። በአዲስ ኒካሕ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። በመካከል ሌላ ባል አግብታ ተፈትታ ከተመለሰች ነው አቡ ሐኒፋ ቁጥሩ ይታደሳል ያሉት፤ አብዛኞቹ በዚያም ቢሆን የቀረው ነው የሚቀጥለው ይላሉ።

ጠላቁ በአንድ ቀን ቁጣ የወጣ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ኑሮ ደኅና ከነበረ፣ ሚስቲቱም ካልተቀየመች ወይም ቅያሜዋ ከበረደ፣ ረጅዓ ይሻላል፣ ቶሎ መሆኑም ይሻላል። ልጆች ቤት አይቀይሩም፣ ዘመድ አይገባበትም፣ የውርስና የቀለብ መብት አይቋረጥም። እርጉዝ ከሆነች ወይም በዚህ ጊዜ ከታመመች ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ወደዚህ ያጋድላል።

ጠላቁ የረጅም ጊዜ በሽታ ምልክት ከሆነ ግን እኔ አዲሱን ኒካሕ እመርጣለሁ። ዱላ፣ ጫት ወይም መጠጥ የበላው ገቢ፣ የአማት ጣልቃ ገብነት፣ ተደብቃ የኖረች ሁለተኛ ሚስት… እነዚህ በሁለት ምስክር ፊት በምትነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር አይፈቱም። ረጅዓ ሚስቲቱን አይጠይቃትም፤ አዲስ ኒካሕ ይጠይቃታል። በአዲሱ ውል ላይ የምትኖርበትን ከተማ፣ ሥራዋን፣ የቤት ኪራዩን ጉዳይ ማንሣት ትችላለች። ቅድመ ሁኔታዎቹ ምን ያህል እንደሚያስሩ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሐንበሊ ሰፋ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ሁለተኛው ጠላቅ ከተሰጠ ደግሞ ይህ ምክር ይጠነክራል፤ የቀረው አንድ ብቻ ነውና ተቸኩሎ የተገነባ መመለስ በሚቀጥለው ንዴት የመጨረሻውን በር ይዘጋል።

የዚህ መንገድ ዋጋ ግልጽ ነው፤ እሷ እምቢ ልትል ትችላለች። ይህን የማይቀበል ባል እየጠበቀ ሳይሆን እየተጫወተ ነው። ዒዳው ካለቀ በኋላ ቀለብና ውርስ እንደሚቋረጡም ሁለቱም ማወቅ አለባቸው፤ የልጆች ቀለብ ግን በማንኛውም ሁኔታ አይቋረጥም።

ረጅዓን መጉጃ ስለሚያደርግ ባልም መናገር አለብኝ። ፈትቶ ዒዳው ሊያልቅ ሲል ይመልሳል፣ ደግሞ ይፈታል፣ ደግሞ ይመልሳል፤ ሴቲቱ ሚስትም ሳትሆን ነጻም ሳትሆን ዓመቱ ያልፋል። አል-በቀራ 228 የባልን የመመለስ መብት «እርቅን ከፈለጉ» በሚል ያያዘው፣ 231 ደግሞ ለመጉዳት ብላችሁ አትያዟቸው ያለው ስለዚህ ነው። ረጅዓው በሕግ ቢጸና እንኳ እንዲህ ያለ ባል በአላህ ዘንድ በደለኛ ነው። ሚስቲቱም አማራጭ አላት፤ ጉዳቷን ይዛ ቃዲ ፊት መቅረብና ኹልዕ ወይም ፍች መጠየቅ ትችላለች።

ኹልዕና የቃዲ ፍች

የሣቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ባሏን በሃይማኖቱም በጠባዩም እንደማትነቅፈው፣ ግን አብራው መኖር እንደማትችል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገረች። በመህር የተሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልሺለታለሽ? ተባለች፤ እሺ አለች፤ ተፋቱ። ኹልዕ ይህ ነው። ሴቲቱ ነጻነቷን በዋጋ ስለገዛች ባል ብቻውን ሊመልሳት አይችልም፤ ቢችል ኖሮ የከፈለችው ለምን ነበር? ሁለቱም ከፈለጉ ግን ዒዳው እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠብቁ በአዲስ ኒካሕና በአዲስ መህር መመለስ ይችላሉ። ኹልዕ እንደ አንድ ጠላቅ ይቆጠራል የሚሉት ሐነፊና ማሊኪ ናቸው፤ በሻፊዒም የጸናው ይህ ነው። በሐንበሊ የታወቀው አይቆጠርም የሚል ነው። ሁለት ጠላቅ ቀድሞ ካለ ይህ ልዩነት ሁሉን ይወስናልና ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ።

ቃዲ የፈረደው ፍች እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ባል ቀለብ ስላጣ የተፈረደ ፍች በሻፊዒ ፈስኽ (ውሉን ማፍረስ) ነው፣ ረጅዓ የለውም። በማሊኪ ግን ረጅዒ ነው፤ ባልየው በዒዳው ውስጥ የማስተዳደር አቅም ካገኘ ሊመልሳት ይችላል። የፍርድ ወረቀቱን አንብቡት፤ ምክንያቱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሦስተኛው ከወጣ

ከሦስተኛው በኋላ ረጅዓም አዲስ ኒካሕም የለም። ሴቲቱ ሌላ ሰው በእውነተኛ ትዳር አግብታ፣ አብረው ኖረው፣ ከዚያ በሞት ወይም በፍች ከተለየች ብቻ ነው መመለስ የሚቻለው። የሪፋዓ ሚስት ሁለተኛ ባሏን ገና ሳትቀርብ ወደ መጀመሪያው ልትመለስ በፈለገች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያኛው ጋር የትዳርን ጣዕም እስካልቀመሱ ድረስ አይሆንም አሏት። ይህን ሕግ ለመሸወድ ሰው ቀጥሮ ለአንድ ሌሊት ማጋባት ታሕሊል ይባላል፤ አድራጊውም የተደረገለትም የተረገሙ ናቸው። ይህን እንደ «መፍትሔ» የሚያቀርብ ሽማግሌ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ሴትን እንዲህ ማዋረድ እርቅ አይባልም።

በአንድ ጊዜ «ሦስት ጠላቅ» የተባለ ከሆነስ? አራቱ መዝሀቦች ሦስት ነው ብለው ይቆጥሩታል። ኢብን ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም አንድ ነው አሉ፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በአቡ በክር (ረ.ዐ) ዘመንና በዑመር (ረ.ዐ) የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ሦስቱ እንደ አንድ ይቆጠር እንደነበር የኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ዘገባ አለና። ግብፅ በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቁጥር 25 እንደ አንድ አድርጋዋለች። እንግዲህ በዚህ ቃል የወጣ ጠላቅ ያለው ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ደግሞም በራሱ ሳይፈርድ፣ የተናገራትን ቃል እንደነበረች ይዞ ወደ አንድ ቃዲ ይሂድ። የሚጥመው መልስ እስኪገኝ ከኡስታዝ ወደ ኡስታዝ መዞር ግን ሃይማኖትን መጫወቻ ማድረግ ነው።

ስልክና ወረቀት

ሪያድ ወይም ጅዳ የምትሠራ እኅት ከአገር ቤት በድምፅ መልእክት ጠላቅ ሲመጣባት ዒዳዋ የሚቆጠረው ቃሉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ከሰማችበት ቀን አይደለም። መልእክቱን አታጥፊው፤ ቀኑ እዚያ ላይ አለ። በጽሑፍ የተላከ ጠላቅ በሻፊዒ ዘንድ የባልን ሐሳብ ይጠይቃል፤ «ለማስፈራራት ነው የጻፍኩት» ካለ ጉዳዩ ወደ ቃዲ መሄድ አለበት። ረጅዓም ከሩቅ ይሆናል፤ የሚስት መገኘት ግድ አይደለም። ባል በሁለት ምስክር ፊት ተናግሮ በዚያው ሰዓት ይደውልላት፣ የምስክሮቹንም ድምፅ ታስቀምጥ።

በኢትዮጵያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሦስት ደረጃ አላቸው፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ስምምነት ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተመዝግቦ ረጅዓው ቤት ውስጥ በቃል ብቻ ከተደረገ፣ ባልና ሚስቱ በአላህ ዘንድ ባለትዳር፣ በመንግሥት መዝገብ ግን የተፋቱ ሆነው ይኖራሉ። ባል ቢሞት መበለቲቱ ውርስና ጡረታ ስትጠይቅ የምትይዘው ወረቀት የፍች ወረቀት ነው። ስለዚህ ረጅዓውን ፍቹን ወደ መዘገበው ፍርድ ቤት ወስዳችሁ አስመዝግቡ። አዲስ ኒካሕ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት እንደ ማንኛውም ጋብቻ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።

ከላይ ያነሣኋት ሴት ያን ቀን ሻንጣዋን መልሳ አስቀመጠች። በሳምንቱ ሸኹ መጥተው ፈቃዷን ጠየቋት፤ እሺ አለች። መህርሽ ምን ይሁን? ሲሏት ስለ አዲሱ ከመናገሯ በፊት የመጀመሪያው መህር ግማሽ እስከ ዛሬ እንዳልተከፈላት ተናገረች። ባልየው ደነገጠ፤ ረስቶት ነበር። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ አላነሣችውም፣ የሚጠይቃት ሰውም አልነበረም። ኒካሑ ተራዘመ። ባልየው ብሩን ፈልጎ ለማምጣት ዐሥር ቀን ፈጀበት፤ ይዞ ሲመጣ በአባቷ ፊት ቆጥሮ ሰጣት። አዲሱን መህር እሷው ወሰነችው፣ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፣ ከዚያ ቡናው እንደገና ተፈላ።